የመጨረሻዋ ድንቢጥ ወንድ ነበር

ስለ ጠፉ እንስሳት የሚጻፈው ነገር አንድ የተለመደ መንገድ አለው፤ ከመጨረሻው ይጀምራል። አንድ እንስሳ ብቻውን በሽቦ ቤት ውስጥ ይታያል። አርጅቷል። ጠባቂው አንድ ቀን ምግብ ይዞ ሲመጣ ወድቆ ያገኘዋል። ቀኑ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ስለ ሰው ልጅ ክፋት አንድ ሁለት አንቀጽ ይጨምርና ብዕሩን ያስቀምጣል። አንባቢም ከንፈሩን ይመጣል።

በማዘኑ ቅር አይለኝም፤ ማዘን ደግ ነው። ቅሬታዬ በአተራረኩ ላይ ነው። ታሪኩን ከተሳሳተ ቦታ ስለሚጀምር የሞተውን ነገር፣ የሞተበትን ጊዜ፣ የገደለውንም ያሳስታል። ለዚህ አባባሌ ከጠይሟ የባሕር ዳር ድንቢጥ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፈረንጆቹ «ደስኪ ሲሳይድ ስፓሮው» ይሏታል። አሜሪካዊው ማርክ ጀሮም ዋልተርስ በ1992 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎላታል፤ የእኔ ሂስ ግን በመጽሐፉ ላይ ያነጣጠረ አይደለም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በጋዜጣና በመጽሔት፣ አንዳንዴም በአሥር መስመር እየተጨመቀ የሚነገረው ተረት ነው ጉዳዬ።

ተረቱ ሲነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በዲዝኒ ወርልድ የመዝናኛ ስፍራ፣ ዲስከቨሪ አይላንድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ አንዲት ድንቢጥ ሞተች። አንድ ዓይኗ ታውሯል። ሪህ ይዟታል። እግሯ ላይ ከታሰረው ቀለበት ቀለም የተነሣ ስሟ «ኦሬንጅ ባንድ» ነበር፤ ብርቱካንማ ቀለበት እንደ ማለት ነው። በእሷ ሞት ዘሯ ከምድር ጠፋ። ሬሳዋ አልኮል በተሞላ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሆኖ በፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።

እስቲ ይህን አንቀጽ እንደገና እናንብበው። «ሞተች»፣ «ዓይኗ»፣ «ሬሳዋ» እያልኩ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። አማርኛችን ትንሽ ነገር ሲያይ ወደ ሴት ያዘነብላልና ድንቢጥን «እሱ» ማለት ለአንደበት አይጥምም። ኦሬንጅ ባንድ ግን ወንድ ነበር። ከእሱ ጋር የተያዙትም ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ከ1975 ወዲህ ሴት ጠይም ድንቢጥ አየሁ ያለ ሰው የለም።

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ይሁንማ! ሴት የሌለው ዘር ወንዶቹ ዘመናቸውን እስኪጨርሱ የሚቆጠር ነገር ነው እንጂ ዘር አይደለም። በ1987 ያለቀው የአንድ ሽማግሌ ወፍ ዕድሜ ነው። ዘሩ ያለቀው ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ስሟ ባልታወቀ፣ እግሯ ላይ ቀለበት ባልታሰረባት ወፍ ነው። እሷን ያየ ጠባቂ አልነበረም፤ ቀኑም አልተመዘገበም። ተረቱ ግን ጠባቂና ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ተሻግሮ ወደ ሽቦው ቤት ይሮጣል።

እንዲህ የሆነበት አንድ ምክንያት ወፎቹ ይቆጠሩ ከነበሩበት ዘዴ ጋር የተያያዘ ነው። ረግረግ ውስጥ፣ ከሰው ጉልበት በላይ በሚያድግ ሣር መካከል ድንቢጥን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የአእዋፍ አጥኚዎቹ የሚቆጥሩት በጆሮ፣ የሚዘፍኑትን ወንዶች እየሰሙ ነበር። ወንዱ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል፤ ሴቷ ከሥር ድምፅ ሳታሰማ ትኖራለች። ቁጥሩ ሲመናመን ሁሉም የሰማው የወንዶቹን ማነስ ነው። የሴቶቹ ማለቅ ግን ድምፅ አልነበረውም።

አሁን ወደ አገሯ እንሂድ። ከፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ፊት ለፊት ረጃጅምና ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ተደርድረው ይገኛሉ። የአትላንቲክን ማዕበል በደረታቸው ተቀብለው ከኋላ ያለውን የብስ ስለሚከልሉ አጥር ናቸው ቢባል ያስኬዳል። በአጥሩና በየብሱ መካከል ውኃው ይረጋል፣ ጨውና ጣፋጭ ውኃ ይደባለቃል፣ ረግረጉ በሣር ይሸፈናል። የኬፕ ካናቬራል አፍንጫና ከኋላው ያለው ሜሪት አይላንድ የዚህ አጥር ክፍል ናቸው። እንዲህ ያለው ስፍራ ጠባብ ነው፤ ከጎረቤቱም በውኃ የተቆረጠ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ትውልድ የኖረ ፍጡር ከዘመዶቹ ይለያል፤ በነጭ አሸዋ ላይ የሚኖር አይጥ ለጉጉት ዓይን እንዳይጋለጥ ፀጉሩ ይነጣል።

ድንቢጧን ቻርልስ ሜናርድ በ1872 አገኛት፤ ሮበርት ሪጅዌይ በ1873 «ኒግሬሴንስ» ብሎ ሰየማት። ላቲኑ እየጠቆረ የሚሄድ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ድንቢጦች ሁሉ የጠቆረችው እሷ ነበረች፦ ጀርባዋ ወደ ጥቁር የተጠጋ፣ ነጭ ደረቷ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ፣ ከዓይኗ ፊት ለፊት ቢጫ ነጥብ ያለባት። የምትገኘው በሜሪት አይላንድና ማዶ ባለው የሴንት ጆንስ ወንዝ ረግረግ ብቻ ነበር። ብርድ መጣ ብላ አትሰደድም። ታይተስቪል ከምትባለው ከተማ ብዙም የማይርቅ ክልል ነው፤ ዓለሟ በዚያ ያበቃል።

ታዲያ ማን ገደላት? ተረቱ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እኔ ግን መዘግየት እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ ያለው እዚህ ነውና።

የረግረጉ ቢምቢ ሰው የሚያስቀምጥ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዲዲቲ ተረጨ። ዲዲቲ ለእኛ አገር ባዕድ ስም አይደለም፤ የወባ ሠራተኛ መርጫውን በትከሻው አንግቶ ከቤት ቤት ሲዞር ያላየ የቆላ ሰው ጥቂት ነው። ስንት ሕይወት እንዳተረፈም አይካድም። ሜሪት አይላንድ ላይ ግን ከመርጨቱ በፊት 2,000 ጥንድ ያህል ይደርሱ ነበር ተብለው የሚገመቱት ድንቢጦች በ1957 ወደ 600 ጥንድ ወርደው ተገኙ።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ከመርዙ የተሻለ ነበር፤ ለዚህም ነው የከፋው። የጨው ረግረግ ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ላይ ሳይሆን ውኃው በሸሸበት እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። እንግዲህ ጭቃው ሁልጊዜ በውኃ ከተሸፈነ መጣያ የላትም ማለት ነው። በዚህ ዕውቀት ተመርተው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ረግረጉን በአፈር ግድብ እየከለሉ ውኃ ሞሉበት። መርዝ የለም፣ ጭስ የለም፣ ሐሳቡም ብልህ ነው። ድንቢጧ ጎጆዋን የምትሠራበት ሣር ግን ሥሩ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። በ1963 በደሴቱ ላይ የቀሩት 70 ጥንድ ገደማ ነበሩ። 1970ዎቹ ሲያልቁ አንድም አልነበረም።

እዚህ ላይ ጋዜጠኛው አንድ የሚያጓጓ ነገር ያገኛል። አፖሎ 11 በ1969 ወደ ጨረቃ የተተኮሰው ከዚሁ ከሜሪት አይላንድ ነው። «ሰው ጨረቃን ሊረግጥ ሲነሣ ድንቢጥ ረገጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እጅ ያሳክካል። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። ግድቡ የተጀመረው ናሳ በ1960ዎቹ መሬቱን ከመያዙ በፊት ነው፤ የጀመሩትም ከቢምቢ ጋር የሚታገሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የጠፈሩ ሰዎች ሥራውን ወደዱት፤ ቀጠለ፤ ሰፋ። ከዚህ አልፎ ሮኬቱን ገዳይ ማድረግ ትልቅ ሞት ትልቅ ገዳይ ሊኖረው ይገባል ከሚል የተረት ልማድ የመጣ ይመስለኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የቢምቢ መከላከያው ሠራተኛ፣ መንገድ ቀያሹ፣ ለከብቱ ሣር የሚያቃጥለው አርቢ፣ እያንዳንዳቸው የዕለት ሥራቸውን ሠሩ።

የባሰ የሚገርመው ደግሞ ድንቢጧ የተረሳች አለመሆኗ ነው። በ1963 የሜሪት አይላንድ የዱር አራዊት መጠለያ ተቋቋመ። በ1967 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን በአደጋ ላይ ያሉ ፍጥረታት ዝርዝር ሲያወጣ ስሟ ገባ። በ1968 በሴንት ጆንስ ረግረግ ገና በመቶዎች የሚቆጠሩ መኖራቸው ተረጋገጠ፤ በ1971 ደግሞ ለእሷው ሲባል ሌላ መጠለያ ተከለለ። እንግዲህ ሕግ ነበራት፣ መሬት ነበራት፣ ቆጣሪም ነበራት። በዚሁ መሐል ቢላይን የተባለው አውራ ጎዳና ረግረጉን ሰንጥቆ አለፈ፤ ቦዮች ተቆፈሩ፤ ረግረጉ ደረቀ። በደረቀው ሣር ላይ በ1970ዎቹ እሳት ተደጋገመ። መጠለያው በካርታው ላይ እንዳለ ነበር፤ ሣሩ ነው ያልነበረው። አሥር መስመር ያለው ተረት ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ «መኖሪያዋ ስለተመናመነ» ይላል። እኔ ብሆን አሥሩንም መስመር ለዚህ እሰጥ ነበር።

የቀሩት ጥቂት ወንዶች በ1979 እና በ1980 እየተያዙ ወደ ሽቦ ቤት ገቡ። በሕይወት የቆዩት አራቱ በ1983 ወደ ዲዝኒ ተወሰዱ። ሴት ስለሌለ ከፍሎሪዳ በስተ ምዕራብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የመጡ «የስኮት» የሚባሉ የባሕር ዳር ድንቢጥ ሴቶች ተሰጧቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ግማሽ ጠይም ናት፤ እሷ ከጠይም ወንድ ስትወልድ ሦስት አራተኛ፤ ከዚያ ሰባት ስምንተኛ፤ እያለ ይሄዳል። ሰባት ስምንተኛ ላይ ደርሰውም ነበር። ወንዶቹ ግን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ስሌቱ ሳይሞላ እነሱ አለቁ። ዲቃሎቹም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ጠፉ። በዲሴምበር 1990 ድንቢጧ ከመንግሥት ዝርዝር ተሰረዘች።

«ዲቃላ» የሚለውን ቃል ስጽፍ ትንሽ ቆም ብዬ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ስድብ ነውና። ነገር ግን ነገሩን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል የለም፤ የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም ያየው በስድቡ መንፈስ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ጠይሟን ድንቢጥ ነው፤ ከሌላ ጋር የተዳቀለው ጠይም አይደለም፤ ስለዚህ ለማዳቀሉ ሥራ የመንግሥት ድጋፍ አይሰጥም ተባለ። ዲዝኒ የገባውም በዚህ ክፍተት ነው። ንጹሕ ዘር እንጂ ሌላ አልጠብቅም የሚል ሕግ፣ ንጹሕ የሆነ ሴት በሌለበት፣ የሚጠብቀው ምን እንደነበር ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ኦሬንጅ ባንድ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1989፣ ጆን አቪስና ዊልያም ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የዲ.ኤን.ኤ ክፍል መርምረው ነበር። ያገኙት፣ ባጭሩ፣ የአትላንቲክ ዳር ድንቢጦችና የባሕረ ሰላጤው ዳር ድንቢጦች በመቶ ሺህዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የተለያዩ ሁለት ወገኖች መሆናቸውን ነው። ጠይሟ ከአትላንቲኮቹ ወገን ናት፤ ከእነሱም የምትለየው በጣም በጥቂቱ ነው። የመጡላት ሚስቶች ደግሞ ከሌላኛው ወገን ነበሩ! ያ ምልክት ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነም፣ ሰባት ስምንተኛ ጠይም የተባለው ዲቃላ እንኳ በእናቱ መስመር ሲታይ ከጠይሟ የወረሰው ምንም አልነበረም። ዘሩ ያለቀው ከሴቶቹ ጋር ነው ያልኩትን ሳይንሱ በራሱ መንገድ ደግሞ ተናገረው።

ይህ ግኝት ለአንዳንዶች እፎይታ ሆነ። ጠይሟ ከጎረቤቶቿ ይህን ያህል ካልተለየች፣ እንግዲያው የጠፋ ነገር የለም፤ ንዑስ ዝርያ እንጂ ዝርያ አልነበረችም ይላሉ። እርግጥ ነው፣ የአሜሪካ አእዋፍ አጥኚዎች ማኅበርም በ1973 ከዝርያነት ወደ ንዑስ ዝርያነት አውርዷት ነበር። በዚያው ዓመት ለንዑስ ዝርያም ጭምር ጥበቃ የሚሰጠው ትልቁ ሕግ ወጣ፤ ስለዚህ መውረዷ በሕግ በኩል አልጎዳትም። በአንባቢ ልብ ውስጥ ግን ጎድቷታል። «ንዑስ» የሚለው ቃል ሲሰማ የሐዘኑ መጠን ይቀንሳል።

ከዚህ ክርክር ጋር የሥነ ጽሑፍ ሰው መግባባት ያለበት አይመስለኝም። የወሎ አማርኛ ዘዬ ነው፤ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም። የጎጃሙም፣ የመንዙም እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዱ ነገ ከምድር ቢጠፋ አማርኛ አልጠፋም ብሎ የሚጽናና ባለቅኔ ይኖራል? የቃላቱ ዝርዝር አብዛኛው አዲስ አበባም ይገኛል። የቃላቱ ማረፊያ፣ የሐረጉ ዜማ፣ አንድን ነገር ባንዲት ቃል ጠቅሶ ማለፍ፣ ይህ ግን ሌላ ቦታ የለም። ዝርዝሩን ይዞ ዘዬውን የሚንቅ ሰው መዝገበ ቃላት ይጽፍ ይሆናል እንጂ ጨዋታ አያውቅም። በዚህ ረገድ ነገሩ የባዕድ ብቻ አይደለም፤ የእኛው የሰንቀሌ ቆርኬም በብዙ መዝገቦች የተጻፈው በንዑስ ዝርያነት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር ዛሬ የትም የለም።

የጠይሟ ድምፅ በቴፕ ተቀርጿል፤ ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ዜማ ብሎ ለመጥራት ይከብዳል፤ አጭር መነሻ አለው፣ ከዚያ የፌንጣ ጭርታ የሚመስል እዝዝታ ይከተላል፣ አለቀ። ካናሪ የሚወድ ሰው ሁለተኛ አያዳምጠውም። እኔ ደጋግሜ ያዳመጥኩት ከበስተኋላ ላለው ነፋስ ነው፤ ሣር ውስጥ ያለ ነፋስ ነው። ቀረጻው ከወፉ ጋር ረግረጉንም ይዞ ቀርቷል፤ በአልኮል ዕቃው ውስጥ ያለው ሬሳ ግን ይህን ሊይዝ አይችልም። ተረት ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚጠቅሱት ዕቃውን ነው። ቴፑን የጠቀሰ ብዙ አላየሁም።

እስካሁን የተናገርኩት ባለ ዕድሉን ነው። ባለ ዕድል ነው ስል ቀልዴን አይደለም፤ ኦሬንጅ ባንድ ቢያንስ የሞተበት ወር ይታወቃል። በእነዚያው የፍሎሪዳ አጥር ደሴቶችና ዳርቻዎች ላይ የነበሩ ሁለት አይጦችን ተመልከቱ። ሁለቱንም በ1939 የሰየማቸው አርተር ሃወል ነው። አንደኛው በምዕራቡ ጠረፍ ማናሶታ ኪ በምትባል ደሴት ቻድዊክ ቢች በተባለው ስፍራ የተገኘ ነው፤ በ1938 ከተያዘ ወዲህ አልታየም። ስሙ ሲወጣለት ራሱ ሳይኖር አልቀረም ይሆን? ወይስ ያኔውኑ አልነበረም? ሁለተኛው በምሥራቁ ጠረፍ፣ ከፖንሴ መግቢያ ወደ ሰሜን ባለው የአሸዋ ክምር ላይ ይኖር የነበረ፣ ከአሸዋው ጋር የነጣ የባሕር ዳር አይጥ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው በ1959 ነው። አሸዋው ላይ ቤት ተሠራ፣ ሆቴል ተሠራ፣ ከቤቱ ጋር ድመት መጣ።

የቻድዊኩን አይጥ ሰነዶቹ «ሳይጠፋ አይቀርም» ሊባል በሚችል ቋንቋ ነው የሚገልጹት። ይህችን አባባል አስተውሏት። ሁለት አሉታ ተደራርበው አንድ ጥርጣሬ ሠርተዋል፤ «ጠፋ» ለማለት ድፍረት የለም፣ «አለ» ለማለት ማስረጃ የለም። ለድንቢጧ ቀን የሰጣት የሽቦው ቤት ነው። ለአይጦቹ የሽቦ ቤት የሠራ የለም፤ ባለ ቀለም ቀለበት የለም፣ የታወረ ዓይን የለም፣ ጠባቂ የለም። ለአይጥ ማን ያለቅሳል? ከመጨረሻው መጀመር የለመደ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ መነሻ ያጣል፤ ስለሆነም አልጻፈም።

የማናሶታውን አይጥ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ከአሸዋው፣ ከሣሩ፣ እዚያ ደሴት ላይ ከተቆፈረው ከመጀመሪያው የቤት መሠረት መጀመር ይኖርበታል፤ ሌላ በር የለውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።